የሰርቨሩን ስምና ቨርዥን ከሄደር ላይ ላጥፋው ወይስ ሌላ ስም ልጻፍበት?

ጀልባ_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባሕር ዳር ነኝ። ጣና ዳር ያለ የአንድ ሎጅ ድረ ገጽ በእኔ እጅ ነው። ትልቅ ሥራ አይደለም። ክፍል ያስይዛል፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚሄድ ጀልባ ያስይዛል፣ የቀረው ፎቶ ነው። የሠራው ልጅ ወደ ውጭ ሄዷል፣ እኔ ከእሱ ተረክቤ ነው።

ሰሞኑን እንግዳ ሊልክልን ያሰበ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት ድረ ገጹን በማሽን አስፈትሾ ሪፖርት ላከ። የመጀመሪያው ነጥብ፣ ቢጫ የተቀባው፣ "ሰርቨሩ ስሙንና ቨርዥኑን ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል" ይላል። ከሥሩ ሲቪኢ-2021-23017 የሚል የተጋላጭነት ቁጥር ለጥፈውበታል። የሎጁ ባለቤት እትዬ ሪፖርቱን እንዳዩ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ስማችን አደባባይ ወጣ ነው የሚሉት?" አሉኝ። አይ እትዬ፣ የእርስዎ ስም ሳይሆን የሶፍትዌሩ ነው ብዬ አረጋጋኋቸው። ውሉ ግን ይኼ ሳይስተካከል አይፈረምም ተብሏል።

በከርል (ከትእዛዝ መስመር ድረ ገጽ በሚጠይቀው መሣሪያ) ሄደሩን፣ ማለትም ሰርቨሩ ከገጹ በፊት የሚልከውን መረጃ፣ ብቻ ስጠይቅ የሚመጣው ይኼ ነው፦

ኤችቲቲፒ/1.1 200 ኦኬ
ሰርቨር፦ ኤንጂንኤክስ/1.18.0 (ኡቡንቱ)
ኮንተንት-ታይፕ፦ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል
ኤክስ-ፓወርድ-ባይ፦ ፒኤችፒ/7.4.33

ማሽኑ ኡቡንቱ 22.04 ነው። የሰርቨሯን መስመር ጭራሽ ማጥፋት ይቻላል? ካልሆነስ ሌላ ስም ብጽፍባት ምን ይመጣል?

ፖሊ_ግቢ

ወንድሜ ይኼማ ቡና ሳይፈላ ያልቃል።

የኤንጂንኤክስን፣ ማለትም የዌብ ሰርቨርህን፣ ዋና ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ክፈት። ኤችቲቲፒ በሚለው ብሎክ ውስጥ፣ መሠረታዊ ቅንብሮች በሚለው ርዕስ ሥር፣ "ሰርቨር_ቶክንስ ኦፍ" የምትል መስመር ታገኛለህ። ኡቡንቱ ራሱ ጽፏት በሃሽ ዘግቷት ነው የሚሰጥህ። ሃሿን አንሳ። ከዚያ ኮንፊጉን አስፈትሸው፣ "ኦኬ" ካለህ ሪሎድ አድርግ። ሪስታርት አያስፈልግም፣ ጀልባ እያስያዘ ያለ ሰው አይቋረጥብህም።

ከዚያ በኋላ "ኤንጂንኤክስ" ብቻ ይላል። 1.18.0ም ኡቡንቱም ይጠፋሉ። ከስህተት ገጾቹ ላይም ቨርዥኑ አብሮ ይነሳል። ለሪፖርቱ ይኼ ይበቃል።

ዓባይ_ማዶ

ፖሊ_ግቢ ያለው ልክ ነው፣ ግን ልጁ የጠየቀው መስመሯን ጭራሽ ስለማጥፋት ነው። በነጻው ኤንጂንኤክስ ብቻውን አይሆንም። ሰርቨር_ቶክንስ ላይ የፈለጉትን ጽሑፍ ማስገባት የሚቻለው በሚከፈልበት ቨርዥን ነው፣ ከ1.9.13 ጀምሮ። ባዶ ከሰጡት መስመሯን ያጠፋታል።

ለእኛ ያለው መንገድ "ሄደርስ-ሞር" የሚባለው ሞጁል ነው። ኡቡንቱ በፓኬጅ ይሰጠዋል፣ በኤፒቲ (በኡቡንቱ የፓኬጅ መጫኛ) ትጭነዋለህ፣ ሞጁሉን የሚጠራውን ፋይል ራሱ ያስቀምጥልሃል። ከዚያ ኤችቲቲፒ ብሎክ ውስጥ "ሞር_ክሊር_ሄደርስ ሰርቨር" ብለህ ትጽፋለህ። አለቀ፣ መስመሯ የለችም። ሌላ ስም ከፈለግህ "ሞር_ሴት_ሄደርስ" አለ።

አንድ ነገር ልብ በል። ኤንጂንኤክስን የጫንከው ከኡቡንቱ ማከማቻ መሆን አለበት። ከራሱ ከኤንጂንኤክስ ማከማቻ ጭነህ የኡቡንቱን ሞጁል ብትቀጥልበት ቨርዥናቸው አይገጥምም፣ አልነሳም ይላል። ስለዚህ ከሪሎድ በፊት ማስፈተሽህን እንዳትረሳ።

ኢንተርኔት ላይ ደግሞ "ሶርሱን አውርድ፣ የሄደር ፊልተር ፋይሉን ክፈት፣ ኤንጂንኤክስ የሚለውን ቃል ቀይር፣ እንደገና ኮምፓይል አድርግ" የሚል ምክር ሞልቷል። እንዳትሰማው። ይሠራል፣ መሥራቱንስ ይሠራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ኤፒቲ ማሽንህን አያውቀውም። ፓች (የክፍተት ማስተካከያ) ሲወጣ ሌሊት በራሱ አይገባልህም። ስምህን ደብቀህ ክፍተቱን ይዘህ ትቀመጣለህ።

ጭስ_ዓባይ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይኼ ሁሉ ለምን? በዚህ ጉዳይ ላይ ክር በተከፈተ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የእኔ ማሽን ላይ ዎርድፕረስ ተጭኖ አያውቅም። ፒኤችፒማይአድሚንም የለም። ሎጉን ስከፍት ግን ሌሊቱን ሙሉ የዎርድፕረስ መግቢያ ገጽ ሲጠየቅ ያድራል። የምስጢር ቃል የሚቀመጥበት ነጥብ-ኢንቪ ፋይል ይጠየቃል። ፒኤችፒማይአድሚን በየዓይነቱ አጻጻፍ ይጠየቃል። እነዚህ ሮቦቶች ሄደር ቢያነቡ ኖሮ እኔ ጋ ምን ይሠራሉ? አያነቡም። ያላቸውን ሁሉ ወርውረው የተቀበላቸውን ይይዛሉ።

አፓቼ የሚባለው የሌላው ዌብ ሰርቨር ሠሪዎች ራሳቸው ሰርቨርቶክንስ በሚለው የሰነዳቸው ክፍል ላይ ጽፈውታል። ሄደሩን ማጥፋት ሰርቨሩን በጭራሽ የበለጠ አስተማማኝ አያደርገውም፣ የውሸት መተማመን ነው የሚሰጥ ብለዋል። የምታፈስ ጀልባ ስሟን ብትፍቅላት ውሃ ማስገባቷን አትተውም።

ለአስጎብኚው "አይመለከታችሁም" ብለህ መልስ።

የሽንብጥ_ልጅ

ጭስ_ዓባይ፣ ከውል በፊት "አይመለከታችሁም" የሚባል ደብዳቤ አንተ ጻፍና እትዬን አንተው አስረዳቸው 😄

የድሮ_ሞደም

ልጆች፣ ሁለታችሁም ከግማሽ በላይ ልክ ናችሁ።

ጭስ_ዓባይ ያለው ሮቦት እውነት ነው፣ አብዛኛው ጥቃት እንደዚያ ነው። ሌላም ዓይነት አለ። ሾዳን የሚባለው የፍለጋ ሞተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን አድራሻ እየዞረ ባነር ይሰበስባል። ባነር ማለት ይኼ የምንጨቃጨቅበት መስመር ነው። ሰውየው አንተን አያውቅህም፣ ግን "ይኼ ቨርዥን ያለው ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ዝርዝር ይወጣለታል።

በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. አፓቼ ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ሲቪኢ-2021-41773። ከተፈቀደው ማህደር ወጥቶ ሌላ ፋይል ማንበብ የሚያስችል ክፍተት ነበር። የነካው 2.4.49ን ብቻ ነው። በ2.4.50 ዘጋነው አሉ፣ በደንብ አልተዘጋም፣ በ2.4.51 ጨረሱት። በአንድ ቨርዥን ብቻ ያለ ክፍተት ሲገኝ ሄደሩ ላይ ያንን ቁጥር የለጠፈ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይገባል።

ጭስ_ዓባይ

ጋሼ በአክብሮት፣ ያ ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ያኔ ፈላጊው 2.4.49 የሚለውን ብቻ አልነበረም የሚነካ። ጥያቄውን ለሁሉም ነበር የሚልክ። የእኔ ኤንጂንኤክስ ሎግ ላይ ሳይቀር የአፓቼውን ሙከራ አይቻለሁ። ቁጥሩን የደበቀ ባለ 2.4.49 በዚያው ሰሞን ይመታል።

የድሮ_ሞደም

ይመታል። በመጀመሪያው ሰዓት መመታትና ፓች የሚያስገባበት ጊዜ አግኝቶ መዳን ግን ይለያያሉ። የምለው እሱን ብቻ ነው፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው።

የኤችቲቲፒ ደንብም ወደዚያው ነው የሚያዘነብል። በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 9110 ሰርቨር ሄደርን ግዴታ አላደረገም። የሚልክም ሰው አላስፈላጊ ዝርዝር እንዳያበዛበት ይመክራል። ምክንያቱም መልሱ ይረዝማል፣ የታወቀ ክፍተት ለሚፈልግም መንገድ ያቀላል። በ1999 የወጣው አርኤፍሲ 2616ም ለሶፍትዌር ሠሪዎቹ "ይህን ሰዎች የሚቀይሩት ቅንብር አድርጉት" ብሎ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ማንሳት ከደንብ አያስወጣም። ስሙን መተው ይቻላል፣ ማንሳትም ይቻላል።

ዘጌ_ቡና

እኔ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለኝ። ዋሹ!

የእኔ ኤንጂንኤክስ "ማይክሮሶፍት-አይአይኤስ/10.0" ነኝ ይላል 😂 በሞር_ሴት_ሄደርስ። ሌባው የዊንዶውስ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይኸው፦

ሰርቨር፦ ማይክሮሶፍት-አይአይኤስ/10.0
ኮንተንት-ሌንግዝ፦ 612
ኢታግ፦ "65010203-264"

ጀልባ_ዳር፣ ከፈለግህ አድራሻህን ጣልልኝና በኤንማፕ (ክፍት ፖርት በሚፈልገው መሣሪያ) ላገላብጥልህ፣ ሌላም የሚወጣ ነገር ካለ እነግርሃለሁ።

የድሮ_ሞደም

አድራሻ እዚህ አይጣልም። ሄደር ማየት ማንኛውም ብራውዘር የሚያደርገው ነው፣ ችግር የለውም። ከዚያ አልፎ የሰው ማሽን ማገላበጥ ግን በባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ማሽኑ ደግሞ የልጁ አይደለም፣ የሎጁ ነው።

የሽንብጥ_ልጅ

ዘጌ_ቡና፣ ውሸትህን ራስህ ለጥፈህ አጋለጥከው።

የለጠፍከውን ኢታግ፣ የፋይሉን ቅጂ መለያ፣ እየው። ሁለት ቁጥር በሰረዝ። ኤንጂንኤክስ ኢታግ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፋይሉ የተቀየረበት ሰዓት፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ የፋይሉ መጠን፣ ሁለቱም በባለ 16 ቁጥር አጻጻፍ። የአንተ መጨረሻ 264 ነው። 2 ጊዜ 256 ሲደመር 6 ጊዜ 16 ሲደመር 4። 612 ይመጣል። ከላይ ኮንተንት-ሌንግዝ ላይ ስንት ይላል? 612።

612 ባይት ደግሞ ኤንጂንኤክስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው "እንኳን ወደ ኤንጂንኤክስ በደህና መጡ" የሚለው ገጽ ነው። አይአይኤስ ነኝ የሚል ማሽን የኤንጂንኤክስን እንኳን ደህና መጡ ገጽ በኤንጂንኤክስ ኢታግ ሲያቀርብ የዓለም ሰው ሁሉ አይሞኝም። በነገራችን ላይ አፓቼ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፣ መጠኑ ይቀድማል፣ ሰዓቱ ይከተላል። በዚያ ብቻ ሁለቱን መለየት ይቻላል።

ኢታግን አጥፋው ብትል ሌላ አለ። የሌለ ገጽ ጠይቄህ የሚመጣው ባለ መሐል መስመር 404 ገጽ። የኤችቲቲፒኤስ ፖርት ላይ ተራ ኤችቲቲፒ ስልክብህ የምትመልሰው 400። የሄደሮችህ ተራ። የኩኪ ስሞችም አሉ። ፒኤችፒሴስአይዲ የሚል ኩኪ የሚሰጥ ሰው ስለ ፒኤችፒ ምን ይደብቃል?

ዘጌ_ቡና

ዋ! ተያዝኩ። በሐይቁ አምላክ እንዲህ ይነበባል ብዬ አላሰብኩም።

ግን እሺ፣ ለተራው ሮቦት ቢሆንስ?

ዓባይ_ማዶ

ተራው ሮቦት አያነበውም ተባልን እኮ። የሚያነበው በእጁ የሚሠራው ነው፣ እሱ ደግሞ ኢታጉን ያያል። ውሸቱ የሚያታልለው የራስህን ሰው ነው። ነገ ከአንተ በኋላ የሚረከበው ልጅ አይአይኤስ አይቶ ዊንዶውስ ሲፈልግ ይውላል። ፈታሹም የአይአይኤስን ክፍተት ሁሉ ዘርዝሮ ቀይ ሪፖርት ይልክልሃል። ለሌለህ ሶፍትዌር መልስ ስትጽፍ ትከርማለህ።

አፓቼ ላይ ለሚሞክሩት ደግሞ፦ ሞድሴኩሪቲ (የመከላከያ ሞጁል) ካላችሁ ሴክሰርቨርሲግኒቸር በሚባለው ስም መቀየር ይቻላል። የሚገርመው ነገር እሱ እንዲሠራ ሰርቨርቶክንስ "ፉል" መሆን አለበት። ለምን ብትሉ፣ አዲሱን ስም የሚጽፈው በአሮጌው ላይ ነው፣ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ያው ቦታ ላይ። አሮጌው ካጠረ አዲሱ አይበቃውም። ሞጁሉ አንድ ቀን ያልተነሳ እንደሆነ ግን ሙሉው ቨርዥን ከነጓዙ ብቅ ይላል። እኔ ለማንም አልመክርም። አፓቼ ላይ "ሰርቨርቶክንስ ፕሮድ" እና "ሰርቨርሲግኒቸር ኦፍ" ይበቃል። ኡቡንቱ ላይ ሁለቱም ሴኩሪቲ-ኮንፍ የሚባለው ፋይል ውስጥ ናቸው።

ጀልባ_ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ውሸቱን ትቻለሁ። ሰርቨር_ቶክንስ ኦፍ አድርጌያለሁ፣ ቁጥሩ ጠፍቷል።

ግን ሲቪኢ-2021-23017 የሚሉትን ምን ልበላቸው? ቁጥሩ ቢጠፋም ክፍተቱ አለብኝ ማለት ነው? ፍለጋ ሳደርግ "ከ0.6.18 እስከ 1.20.0" ይላል። 1.18.0 መሐሉ ላይ ነው።

ፖሊ_ግቢ

እዚህ ጋ ነው የሄደሩ ቁጥር ራሱ የሚያሳስተው።

ኡቡንቱ 22.04 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ድረስ 1.18.0ን ይዞ ነው የሚቆየው። አዲስ ክፍተት ሲገኝ ወደ አዲስ ቨርዥን አይዘልም። ማስተካከያዋን ብቻ ቆርጦ አሮጌው ላይ ይሰፋታል። ሄደሩ 1.18.0 ማለቱን ይቀጥላል፣ ውስጡ ግን ተስተካክሏል። እውነተኛው ቁጥር ከ1.18.0 ቀጥሎ ሰረዝ ተደርጎ የሚጻፈው የኡቡንቱ ቁጥር ነው። እሱ ደግሞ ሄደር ላይ አይወጣም። ፈታሹ ማሽን ያየው 1.18.0ን ብቻ ነው፣ ሠንጠረዡ ላይ ፈልጎ "ተጋላጭ" ብሎ ጻፈ። ማንም ገብቶ አላየም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። በኤፒቲ የኤንጂንኤክስን ቼንጅሎግ ጥራ፣ ውስጡ 23017ን ፈልግ። "የደህንነት ማሻሻያ" ከሚለው መስመር ሥር ታገኘዋለህ። ያችን ቆርጠህ በመልስህ ላይ ለጥፍ።

ሌላም አለ። ያ ክፍተት የሚነካው ኮንፊጉ ውስጥ "ሪዞልቨር" የሚል መመሪያ ያለበትን ብቻ ነው። ግሬፕ አድርገው፣ ከሌለህ እሱንም ጻፍላቸው።

ጀልባ_ዳር

አገኘሁት! 23017 አለ። ሪዞልቨር የሚል ነገርም የለኝም።

የሽንብጥ_ልጅ

እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ግን የመጀመሪያ ጽሑፍህን ራስህ መልሰህ አንብበው። አራተኛዋን መስመር።

ይኼን ሁሉ መልስ ሳነብ ማን ያነሳታል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሁላችሁም በኤንጂንኤክስ ስም ስትፋጁ ከሥሩ "ፒኤችፒ/7.4.33" ተጽፏል። 7.4.33 የ7.4 የመጨረሻው ልቀት ነው። ፒኤችፒ 7.4 ድጋፉ የተቋረጠው በኅዳር 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር። ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ አንድ ፓች አላወጡለትም።

ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ደግሞ 8.1ን ነው፣ 7.4ን አይደለም። ይኼ ከየት መጣ? ዶከር (ፕሮግራምን ከነጓዙ በኮንቴይነር የሚያስነሳው መሣሪያ) ይመስለኛል። የፒኤችፒ ይፋዊ ኢሜጅ ያለ ፒኤችፒ-አይኤንአይ ነው የሚነሳ። አይኤንአይ ከሌለ "ኤክስፖዝ_ፒኤችፒ" በነባሪው ክፍት ነው። ለዚህ ነው መስመሯ የምትወጣው።

ቢጫ የተቀባው ኤንጂንኤክስ ፓች አለው። ማንም ቀለም ያልቀባው ፒኤችፒ ግን የሚጠግነው የለም።

ጀልባ_ዳር

ልክ ነሽ እህቴ። ዶከር ነው። ልጁ ያኔ 7.4 ኤፍፒኤም ብሎ አንስቶት ሄዷል፣ ከኤንጂንኤክስ ጋር በፋስትሲጂአይ ነው የሚነጋገሩት። ሪፖርቱ ላይ በሦስተኛ ገጽ አንድ መስመር አለች፣ "ለመረጃ ያህል" ተብላ። ያለ ቀለም።

ጭስ_ዓባይ

አላልኩም? ሄደር ሄደር ስንል ይኸው!

የድሮ_ሞደም

ጭስ_ዓባይ፣ ይኼን ያወቅነውም ሄደሩ ስለተናገረ ነው እንግዲህ።

ጭስ_ዓባይ

😂 ይሁን ጋሼ፣ ይቺን ወስደዋል።

ዓባይ_ማዶ

ለጊዜው መስመሯን ማንሳት ከፈለግህ በሁለት ቦታ ይቻላል። ኤንጂንኤክስ ላይ "ፋስትሲጂአይ_ሃይድ_ሄደር ኤክስ-ፓወርድ-ባይ"፣ ወይም ኮንቴይነሩ ውስጥ ኤክስፖዝ_ፒኤችፒን ኦፍ ማድረግ። ሁለተኛው ይሻላል፣ ከምንጩ ነው። በፕሮክሲ_ፓስ ለምትሠሩ "ፕሮክሲ_ሃይድ_ሄደር" ነው። ከጀርባ ያለው ሰርቨር የሚልከውን የሰርቨር ሄደር ኤንጂንኤክስ በነባሪው አያሳልፍም፣ በእሱ አትድከሙ። ኤክስ-ፓወርድ-ባይን ግን ያሳልፋል።

ማንሳቱ ግን ከላይ የተባለውን ነው የሚሆነው። ስሟን አንስተህ ፒኤችፒውን ካልቀየርክ ሪፖርቱ ይነጻል፣ እትዬ ይደሰታሉ፣ አንተ ግን እንቅልፍ አይወስድህም። 8.3 ላይ አውጣው። የደህንነት ድጋፉ እስከ 2027 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው።

ፖሊ_ግቢ

ዝም ብለህ ኢሜጁን ቀይረህ እንዳታነሳው። አሮጌ ኮድ ከሆነ 8 ላይ ይወድቃል። "ኢች" እና "ክሪኤት_ፈንክሽን" የሚባሉት ፈንክሽኖች 8.0 ላይ ወጥተዋል። ማወዳደርም ተቀይሯል፦ ድሮ ዜሮ ቁጥርና "ጣና" የሚል ጽሑፍ እኩል ናቸው ይል ነበር፣ አሁን አይደሉም ይላል። ቦታ ማስያዣ ላይ ይቺ ተንኮለኛ ናት። "የቀረ ወንበር ዜሮ ከሆነ" የሚል ሁኔታ ከፎርም የመጣ ጽሑፍ ጋር ሲወዳደር የድሮውና የአዲሱ መልስ ይለያያል። የጀልባ ወንበር የሚቆጥረውን ኮድ በዓይንህ አንብበው።

አሞራ_ገደል

ከጎን ልግባ። እኛ ክላውድፍሌር (ከፊት ሆኖ ጥያቄውን የሚቀበል አገልግሎት) ጀርባ ነን፣ ሄደሩ "ክላውድፍሌር" ብቻ ነው የሚል። ተገላገልን ማለት ነው?

ዓባይ_ማዶ

በስም በኩል አዎ። የማሽናችሁን አይፒ የሚያውቅ ሰው ግን በቀጥታ ቢጠይቀው ራሱ ይመልስለታል፣ ከነቨርዥኑ። ከክላውድፍሌር አድራሻዎች ውጭ 80ን እና 443ን የሚነካውን በፋየርዎል ዝጉ። ከዚህ ቀደም ክፍት ከነበረ ደግሞ አሮጌው ባነር ሾዳን ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

ማርያም_ሰፈር

ቢሮዬ እውነተኛ አይአይኤስ ነው ያለን፣ እንደ ዘጌ_ቡና የውሸት አይደለም 😄 እኛስ?

የሽንብጥ_ልጅ

አይአይኤስ 10 ከሆነ ዌብ-ኮንፊግ ውስጥ ሪኩዌስትፊልተሪንግ ላይ "ሪሙቭሰርቨርሄደር" ትሩ አድርጊው፣ ሰርቨር የሚለው ይጠፋል። ኤክስ-ፓወርድ-ባይን ከከስተም ሄደርስ ውስጥ አውጪው። ኤክስ-ኤኤስፒኔት-ቨርዥን ደግሞ ለብቻው ነው፣ ኤችቲቲፒራንታይም ላይ "ኢኔብልቨርዥንሄደር" ፎልስ ይባላል። ሦስቱም የተለያየ ቦታ ናቸው፣ አንዱን ዘግተሽ ሌላው እንዳይቀርብሽ።

ጀልባ_ዳር

ለመረጃ ያህል፦ አሁን ያለሁበት ይኼ ነው።

የዓባይ_ማዶን ሞጁል ጭኜ ሰርቨር የሚለውን ጭራሽ አጠፋሁት። አስጎብኚው "መስመሩ እንዳይኖር" ብሎ ስለጻፈ እንጂ ለእኔስ ኦፍ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ የሌለ ገጽ ጠየቅሁ። 404 ገጹ መሐል ላይ "ኤንጂንኤክስ" ተብሎ ተጽፏል! ሄደሩ ዝም፣ ገጹ ይናገራል። ስለዚህ በኤረር_ፔጅ የራሴን ገጽ ሠራሁ። "ይህ ገጽ የለም፣ የጀልባ ሰዓት ለማየት እዚህ ይጫኑ" ይላል። እትዬ "ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባም እዚያው ጻፍልኝ፣ እንግዳ በየቀኑ ይጠይቀኛል" ብለው አስጨመሩኝ። 404 ላይ ይሁን ብለዋል፣ ተጽፏል።

ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ የሚያዞረው 301ም ውስጡ ያንኑ ስም ይዟል። እሱን ትቼዋለሁ። ብራውዘር አያሳየውም፣ ሪፖርቱም አልጠየቀውም።

ለአስጎብኚው የቼንጅሎጉን ቁራጭ አያይዤ መለስኩ። ፒኤችፒውንም ራሴ አንስቼ "እየቀየርን ነው" ብዬ ጻፍኩላቸው።

8.3ን በሌላ ፖርት አስነስቼ እየሞከርኩት ነው። ፖሊ_ግቢ እንዳልከው የወንበር ቆጠራው ላይ ያቺ ማወዳደር ነበረች። ባዶ ጽሑፍ ከዜሮ ጋር ታወዳድራለች።

ፖሊ_ግቢ

ወደ ቁጥር ቀይረህ በሦስት እኩል ምልክት አወዳድራት። አሮጌውን ኢሜጅ ደግሞ ወዲያው እንዳትሰርዘው፣ መመለስ ቢያስፈልግ በታጉ ታነሳዋለህ። የምትቀይርበትን ሰዓት አስብበት፣ ቅዳሜና እሑድ አይሁን።

ጀልባ_ዳር

ሰኞ ማታ ነው ያሰብኩት። የማክሰኞ ጀልባ ስም ዝርዝር ከታተመ በኋላ።